ጠባሳዬን መልሱልኝ
ከአንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ



የመጽሔታችን አዘጋጅ ኮሚቴ በየክፍሉ ገጽ ላይ የሚታተም አንዳንድ ጉርድ ፎቶግራፍ እንድናመጣ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከለጠፈ እነሆ ሦስት ሳምንት ሆነው። በክፍላችን 48 ተማሪዎች አለን። ይህን በምጽፍበት ቀን ፎቶግራፋቸውን ያስረከቡት 31 ብቻ ናቸው። የቀሩትን 17 የክፍላችን አለቃ እየዞረ ምክንያታቸውን ቢጠይቅ፣ ገንዘብ አጣሁ ያለው አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የሌሎቹ ሁሉ ምክንያት የገዛ መልካቸው ነው። አንዱ ብጉሬ እስኪጠፋ ጠብቁኝ አለ፤ አንዷ ፎቶግራፍ ያጠቁረኛል አለች፤ አንዱ ጥርሴ፣ አንዷ ውፍረቴ፣ ሌላዋ ደግሞ ክሳቴ አለች። ቀኑን ሙሉ ሲያስቀን የሚውለው ልጅ እንኳ ስለ ቁመቱ ማጠር አመካኘ። ጉርድ ፎቶግራፍ ቁመት አያሳይም ብንለው «ትከሻዬ ያሳብቃል» ብሎ ሸሸ።

ያስረከቡትንም ቢሆን ኮሚቴው በጠረጴዛ ላይ ሲደረድራቸው አየኋቸው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ አብረውኝ የተቀመጡትን ልጆች ከጀርባው የተጻፈውን ስም ሳላነብ መለየት አቃተኝ። ጠይሙም፣ ቀይ ዳማውም፣ ጥቁሩም አንድ ዓይነት ቀይ ሆነዋል። የሁሉም ቆዳ አዲስ ቀለም እንደ ተቀባ ግድግዳ ለስልሷል። አንድ ጓደኛችን በግንባሩ ላይ ያለችውን፣ ሁላችንም የምናውቃትን፣ ማርያም የሳመችውን ምልክት አጥቷል።

ይህን የምጽፈው በማንም ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ በዚህ ነገር ከሁሉ አስቀድሜ የተታለልሁ እኔ ነኝና።

ገና የሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ከምድጃ ላይ የነበረ የፈላ ውሃ ተደፋብኝና በግራ ጉንጬ ላይ ከጆሮዬ ሥር ጀምሮ እስከ አንገቴ ድረስ ጠባሳ ቀረብኝ። ይህ ለአብዛኞቻችሁ አዲስ ወሬ አይደለም፤ በየቀኑ ታዩታላችሁ። የ8ኛ ክፍል ፈተና ሲደርስ ለመግቢያ ወረቀት የሚሆን ፎቶግራፍ ለመነሣት ከእናቴ ጋር ወደ አንድ ፎቶ ቤት ሄድን። የፎቶ ቤቱን ስም መጥቀስ አያስፈልግም። ሰውየው መልካም ሰው ነበር፤ ትሕትናው እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። አንሥቶኝ ሲያበቃ ከኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጠና «አይዞሽ እኅቴ፣ እኔ አስተካክልልሻለሁ» አለኝ። ከዚያም ከቀኝ ጉንጬ ላይ ደህናውን ቆዳ እየቀዳ በግራው ላይ ለጠፈው። ሁለት ደቂቃም አልፈጀበት። ላድርገው ወይ ብሎ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልከለከልሁትም። እንዲያውም እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

በፈተናው ዕለት በር ላይ የቆሙት መምህር ወረቀቴን ተቀብለው ፎቶግራፉን አዩ፤ እኔን አዩ፤ እንደገና ፎቶግራፉን አዩ። «ይህቺ እኅትሽ ናት?» ብለው ጠየቁኝ። እኔው ነኝ ብል ወደ ጎን ቁሚ አሉኝ። ሌላ መምህር ተጠሩ፤ ሁለቱም ጎንበስ ብለው ጉንጬን መረመሩ። ጓደኞቼ በአጠገቤ እያለፉ ሲገቡ እኔ በገዛ ፊቴ ምክንያት አታላይ መስዬ ቆምሁ። በመጨረሻ የክፍል ኃላፊያችን መጥተው መሰከሩልኝና ገባሁ። የመጀመሪያውን ገጽ የሠራሁት ግን እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው።

የባሰው ቤት ውስጥ የጠበቀኝ ነው። እናቴ ፎቶግራፉን በትልቁ አሳትማ፣ በፍሬም አስገብታ ሳሎን ውስጥ ሰቀለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠባሳ የሌላት እኔ ከግድግዳ ላይ ሆና ጠባሳ ያለብኝን እኔን ትመለከተኛለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር ቀና ብሎ እርሷን፣ ዝቅ ብሎ እኔን ያያል። ከዚያ በፊት ጠባሳዬ እንደ ክርኔ ወይም እንደ ጉልበቴ የገላዬ አንድ ክፍል ነበር፤ ስለ እርሱ ሳላስብ የምውልበት ቀን ብዙ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ስሕተት ሆነ፤ መታረም ሲገባው ሳይታረም የቀረ ስሕተት።

ነገሩን እንድመረምር ያደረጉኝ አያቴ ናቸው። አያቴ በጎጃም ገጠር ተወልደው ያደጉ ሲሆኑ በአንገታቸው ዙሪያና በድዳቸው ላይ ንቅሳት አላቸው። በእርሳቸው ዘመንና አካባቢ ያልተነቀሰ አንገት ባዶ አንገት ነበር። በወጣትነታቸው የተነሡት አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ አለ። ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጣል፣ አንገታቸውን መዘዝ አድርገው፣ ንቅሳቱን ለማሳየት ብለው የተነሡት መሆኑ ያስታውቃል። ወረቀቱ አርጅቶ ስለ ተሰነጣጠቀ አጎቴ ባለፈው ዓመት ለማሳደስ ሰጠው። ታድሶ መጣ። ስንጥቁ ተደፍኗል፤ ቀለምም ገብቶለታል፤ ንቅሳቱ ግን የለም። ያደሰው ሰው ከወረቀቱ እድፍ ጋር አንድ ላይ ጠርጎታል። አያቴ መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ ከተመለከቱት በኋላ «እያለቀስሁ የተነቀስሁትን ማን ፋቀው?» አሉ። እኛ ሁላችንም ሳቅን። እርሳቸው አልሳቁም። «ይህቺን ሴት አላውቃትም» ብለው ፎቶግራፉን ለአጎቴ መለሱለት።

በዚያ ሌሊት ብዙ አሰብሁ። ያ ያደሰው ሰው ክፉ ሰው አይደለም፤ የእኔም ፎቶግራፍ አንሺ ክፉ አልነበረም። ሁለቱም በሰው ገላ ላይ ያለውን ምልክት አይተው፣ ባለቤቱን ሳይጠይቁ፣ ይህ እድፍ ነው ብለው ፈረዱ። አያቴ ጌጤ ነው ብለው ስለሚያምኑ ተቆጡ። እኔ ግን የሚያምንልኝ አጥቼ፣ ራሴም ሳላምን፣ ዝም አልሁ። እንግዲህ የምከራከርበት ነገር ይህ ነው፤ ፎቶግራፍ ገላችንን እንድንወድ ሊያስተምረን የሚችል መሣሪያ ሆኖ ሳለ እኛ ገላችንን የምንክድበት መሣሪያ አድርገነዋል።

ሰውን በፎቶግራፍ ማሳመር ኮምፒዩተር ያመጣው ነገር አይደለም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የፎቶግራፍ ጥበብ በ1839 ለዓለም በተገለጸ በ16ኛው ዓመት፣ ፍራንዝ ሃንፍሽቴንግል የተባለ የሙኒክ ፎቶግራፍ አንሺ በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ አንዱን ምስል ሳይነካካውና ነካክቶ ጎን ለጎን አሳየ፤ ተመልካቹም ተደነቀ። ከዚያ ወዲህ የፎቶ ቤት እርሳስ ሥራ ፈቶ አያውቅም።

«ፎቶግራፍ ያጠቁረኛል» ያለችው ጓደኛችን ደግሞ በከንቱ አልተናገረችም። የአሜሪካው የኮዳክ ኩባንያ ባለቀለም ፊልም ለሚያጥቡ ቤቶች ማመሳከሪያ የሚሆን አንድ ካርድ ይልክ ነበር። በካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት፤ መጀመሪያ በተነሣችው ሴት ስም ካርዱ «ሸርሊ» ተባለ። አጣቢው የሸርሊ ቆዳ አምሮ ከወጣለት ሁሉም ነገር ልክ ነው ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። በዚህም የተነሣ ነጭና ጥቁር ተማሪዎች አብረው በተነሡበት የክፍል ፎቶግራፍ ላይ የጥቁሩ ልጅ ዓይንና ጥርስ ብቻ እየቀረ ፊቱ ይጠፋ ነበር። ይህን ታሪክ ያጠናችው ካናዳዊት ምሁር ሎርና ሮት እንደ ጻፈችው፣ ኩባንያው ቡናማ ቀለምን አጥርቶ የሚያሳይ ፊልም እንዲሠራ ከገፋፉት ነገሮች አንዱ የቸኮላት አምራቾችና የእንጨት ዕቃ ሠሪዎች አቤቱታ ነው። የሰው ፊት ጠፋ ሲባል ያልተሰማው ጩኸት ቸኮላት ጠፋ ሲባል ተሰማ! የተለያየ የቆዳ ቀለም ያላቸው ሴቶች ያሉበት ካርድ የወጣው ገና በ1990ዎቹ ነው።

በእጃችን ባለው ስልክ ላይ ሸርሊ የለችም፤ ሆኖም ስልክም በብርሃን ይታለላል። ጠይም ሰው ከነጭ ግድግዳ ወይም ከደመቀ ሰማይ ፊት ለፊት ቆሞ ቢነሣ ካሜራው ብርሃን የበዛ መስሎት ይቀንሳል፤ በዚህ ጊዜ የሚጨልመው ፊት ነው። ከግድግዳው ፈቀቅ ብሎ ፊትን ወደ መስኮት ወይም ወደ በር ማዞር ይበቃል። ጨለማው ይገፈፋል፤ የሚቀረው ቀለም የራሳችን ነው።

አፍንጫዬ ሰፊ ነው እያሉ የሚያዝኑትም ይህን ይስሙ። በ2018 በአሜሪካ በአንድ የፊት ቀዶ ጥገና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት እንዳሰላው፣ ሰው ስልኩን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል አቅርቦ ራሱን ሲያነሣ የአፍንጫው ሥር ከ1 ሜትር ተኩል ርቀት ከሚነሣው ይልቅ 30 በመቶ ያህል ሰፍቶ ይታያል። አፍንጫ ከጆሮ ይልቅ ለስልኩ ቅርብ ስለሆነ ብቻ ነው። ጥናቱን ያደረጉት ሐኪሞች ለዚህ የተነሡት፣ ሰዎች በስልክ የተነሡትን ፎቶግራፍ እያሳዩ አፍንጫችንን አስተካክሉልን እያሉ ስለ መጡባቸው ነው። ክንድን ዘርግቶ ራስን ከማንሣት ይልቅ ስልኩን ለጓደኛ ሰጥቶ ሁለት እርምጃ ራቅ በል ማለት ከሐኪም ቢላዋ ይረክሳል።

ስለ መስተዋትም አንድ ነገር ልጨምር። በ1977 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ሴት ተማሪዎችን ሁለት ዓይነት የገዛ ፎቶግራፋቸውን አሳያቸው፤ አንዱ እንዳለ፣ ሌላው እንደ መስተዋት የተገለበጠ። ተማሪዎቹ በአብዛኛው የመስተዋቱን መረጡ፤ ጓደኞቻቸው ግን ያልተገለበጠውን መረጡ። ሰው የሚወደው የለመደውን መልክ ነው። ፎቶግራፋችንን አይተን «እኔን አይመስልም» ብለን ስንጥለው፣ ጓደኛችን ደግሞ አንሥቶ የሚያስቀምጠው ያንኑ ነው።

እስከ አሁን የተናገርሁት ስለ ብርሃንና ስለ ርቀት ነው። የእኔ ጠባሳ ግን በመስኮት ብርሃን አይጠፋም፤ በመራቅም አይጠብብም። እንዲህ ያለው ነገር ያለበት ሰው ምን ያድርግ?

በዚህ ጉዳይ ያጽናናኝ ሰው ሪክ ጊዶቲ የሚባል የኒው ዮርክ ፎቶግራፍ አንሺ ነው። ይህ ሰው በፊት የፋሽን ፎቶግራፍ አንሺ ነበር፤ ሥራው ቆንጆዎች የተባሉትን ማንሣት ነው። በ1997 አንድ ቀን በአውቶቡስ ፌርማታ ላይ አልቢኖ የሆነች ልጅ ያይና በውበቷ ይገረማል። እንደዚህች ያለች ልጅ ለምን በፋሽን መጽሔት ላይ አላየሁም ብሎ የሕክምና መጻሕፍት ቢያገላብጥ፣ ያገኘው ፎቶግራፍ ሁሉ የሚያሳዝን ሆነበት። ሰዎቹ ከግድግዳ ተጣብቀው ቆመዋል፤ በዓይናቸው ላይ ጥቁር መሥመር ተጋድሟል። የተነሣው በሽታው እንጂ ሰውየው አይደለም።

ከዚያ በኋላ አልቢኖ የሆነች አንዲት ወጣት ወደ ሥራ ቤቱ መጣች። ትከሻዋን አጥፋ፣ አንገቷን ደፍታ ነበር፤ በትምህርት ቤት ሲሳለቁባት የኖረች ናት። ጊዶቲ ስለ እርሷ ብሎ አዲስ ዘዴ አልፈለገም። የታወቁትን ቆንጆዎች በሚያነሣበት መብራትና ትጋት አነሣት፤ መስተዋትም ይዞ ራስሽን ተመልከች አላት። እርሱ እንደሚተርከው ልጅቱ ቀና ብላ ፈገግ ስትል ያ ሁሉ መሸማቀቅ ከላይዋ ወረደ። በ1998 እነዚህ ፎቶግራፎች ላይፍ በሚባለው መጽሔት ላይ ወጡ፤ በዚያው ዓመት «ፖዚቲቭ ኤክስፖዠር» የተባለውን ድርጅት መሠረተ። ከዚያ ጀምሮ በተፈጥሮ ልዩ ልዩ የገላ ለውጥ ያለባቸውን ሰዎች በየአገሩ እየዞረ ሲያነሣ ኖሯል።

በአገራችንም አልቢኖ ሆነው የተወለዱ ወንድሞችና እኅቶች አሉን። ዓይናቸው ብርቱ ብርሃን አይችልም፤ ስለዚህ ብልጭ የሚል መብራት በፊታቸው ላይ አብርቶ «ዓይንህን ግለጥ» ብሎ መቆጣት ግፍ ነው። ጥላ ሥር አስቀምጦ ቢያነሡት ዓይኑ ራሱ ይገለጣል። ሰውን እንዳለ ማንሣት ማለት እንዲሁ እንደ ነገሩ ማንሣት ማለት አይደለም፤ እንዲያውም የበለጠ ሥራ ይጠይቃል።

«እንግዲያስ አንለብስም፣ አናበጥርም፣ አንጌጥም ማለትሽ ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። በማሊ አገር በባማኮ ከተማ በ1948 ፎቶ ቤት የከፈተው ሰይዱ ኬይታ ለደንበኞቹ የሚያውሰው ኮት፣ ሰዓት፣ ሬዲዮ፣ ሞተር ብስክሌትም ነበረው። ሰው ሁሉ የሌለውን ጌጥ አድርጎ ይነሣ ነበር። እኔ ይህን እንደ ውሸት አልቆጥረውም። የለበሰው ሰውየው ነው፤ ወድዶ ነው፤ ፊቱም የራሱ ነው። መጌጥ በገላ ላይ መጨመር ነው፤ ጠባሳን መፋቅ ግን ከሰውየው ላይ መቀነስ ነው። ብጉርን በተመለከተ ግን ብዙ አልከራከርም፤ ብጉር እንግዳ ነው፣ ወሩን ቆይቶ ይሄዳል፤ ያስጠፋው ያስጠፋ። ጠባሳ ግን ባለቤት ነው፤ ማርያም የሳመችው ምልክትም ባለቤት ነው።

ነገሩ የልጆች ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ መንግሥታትም ሕግ አውጥተውበታል። በእስራኤል በ2012 የወጣው ሕግ ቅጥነትን አብዝቶ ለማሳየት የተነካካ የማስታወቂያ ፎቶግራፍ መነካካቱ እንዲጻፍበት አዘዘ፤ ፈረንሳይም ከ2017 ጀምሮ የገላ ቅርጽ ለተለወጠበት ማስታወቂያ እንዲህ ያለ ግዴታ አኖረች። ኖርዌይ ከ2022 ጀምሮ የቆዳ መለወጥንም ጨምራበታለች። ሕግ የሚደርሰው ግን ለማስታወቂያ ነው። የሳሎናችንን ግድግዳና የመጽሔታችንን ገጽ የምናስተዳድረው እኛ ነን።

ከሁሉ የከበደኝ ክርክር ከእናቴ ጋር ያደረግሁት ነው። የሳሎኑ ፎቶግራፍ ይውረድልኝ ብዬ በለመንኋት ጊዜ የምጠብቀው «ቆንጆ ነው እኮ» ትለኛለች ብዬ ነበር። እርሷ ግን ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና «ያን ቀን ምድጃው አጠገብ የነበርሁት እኔ ነኝ» አለችኝ። ጠባሳዬን ባየች ቁጥር የምታየው የእኔን ፊት ሳይሆን ያን ቀን እንደሆነ ገባኝ። ፎቶግራፉ እኔን ያሳመረላት መስሎኝ ነበር፤ ለካ እርሷን ነው ያሳረፋት። ወላጆች ሆይ፣ ምናልባት ብዙዎቻችሁ እንዲሁ ትሆናላችሁ። እኔ ግን በዚያ ቤት ውስጥ የምኖረው በዚህኛው ፊቴ ነውና አብራችሁ እንድታስቡበት እለምናለሁ።

ለአዘጋጅ ኮሚቴው ያቀረብሁት ሐሳብ አጭር ነው። በየክፍሉ ገጽ ላይ የሚወጣው ፎቶግራፍ ማንም ያልነካካው ይሁን። ፎቶ ቤት መሄድ ግዴታ አይሁን፤ በእረፍት ሰዓት በቤተ መጻሕፍቱ ትልቅ መስኮት አጠገብ አንድ ወንበር ይቀመጥና ከመካከላችን መልካም ስልክ ያላቸው በሁለት እርምጃ ርቀት ያንሡን። እያንዳንዱ ሰው ከሦስት አንዱን ራሱ ይምረጥ፤ አልነሣም የሚል ቢኖር ስሙ ብቻ ይጻፍ እንጂ አይገደድ። ከተነካካው ፎቶግራፍ ጋር ያስረከቡት 31 ጓደኞቻችንም ሊለውጡ ከፈለጉ ይፈቀድላቸው። ኮሚቴው ሐሳቡን ለመምህራን አቅርቦ ሰኞ መልስ እሰጣለሁ ብሏል።

እኔ ግን ሰኞን አልጠበቅሁም። ባለፈው ዓርብ ከሰዓት በኋላ በዚያው መስኮት አጠገብ አንዲት ጓደኛዬ አነሣችኝ፤ በግራ ጎኔ። ሲታተም 32ኛው ፎቶግራፍ የእኔ ነው። አንዱን ቅጂ ለአያቴ ላክሁላቸው። አንዱን ለእናቴ ሰጠኋት፤ ተቀብላ በመሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው። የሳሎኑ እስከ ዛሬ ድረስ አልወረደም፤ ገና እየተነጋገርንበት ነው።